ንቡ ጋ ገና አልደረሱም

እትዬ ጦይባ መሞቷን ያወቅሁት አፈር ከለበሰች በኋላ ነው። ጠዋት ሮቢት ላይ ቁርሴን እየበላሁ የቀድሞ መሥሪያ ቤቴ የፌስቡክ ገጽ ላይ አንድ ጽሑፍ አየሁ። «መሥሪያ ቤታችን የተጣለበትን ሕዝባዊ አደራ በብቃት ለመወጣት በየደረጃው ከሚገኙ አመራሮችና ባለሙያዎች ጋር በመቀናጀት እያደረገ ባለው ርብርብ» ይላል፤ ይቀጥላል። ሦስት መስመር አንብቤ አለፍኩት። እንዲህ የሚጀምር ነገር መጨረሻው ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስብሰባ ነው፣ ከስብሰባው ቀጥሎ ፎቶ ነው። ከሰዓት በኋላ የመሥሪያ ቤቱ ጥበቃ ጋሽ በላይ ደወሉልኝና «ቀብር ላይ አጣንህ» አሉኝ። የማን ቀብር ብዬ ጠየቅኋቸው።

ገጹን ተመልሼ ከፈትሁት። ስሟ ያለው አሥራ አንደኛው መስመር ላይ ነው። የቀብሯ ቦታና ሰዓት ደግሞ መጨረሻ ላይ፣ ከኃላፊው የሐዘን መግለጫ በታች ተወሽቋል፤ ጎብዬ፣ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ። ሌሊት የሞተች ሴት ለዙህር ተቀበረች፤ በእስልምና ቀብር አይቆይም። ከሮቢት ጎብዬ ሚኒባስ ጠፍቶ አያውቅም። ያን ሁሉ ሰዓት ማስታወቂያውን ኪሴ ውስጥ ይዤ ተቀምጫለሁ።

ከሥራ ያባረሯት እነሱ ናቸው። ከተባረረች በኋላ ጎብዬ እህቷ ዘንድ ገብታ፣ በገበያ ቀን ለገበሬው ማመልከቻ እየጻፈች ነበር የምትኖረው። አሁን «ታታሪና ምስጉን ባልደረባችን» አሏት። ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ንዴቴ እስኪበርድ ልጠብቅ ብዬ ነበር፤ አልበረደም።

ጦይባ ቆቦ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበረች። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ብጠራው ሌሎቹ «እኛ አይደለንም» ብለው ደስ ይላቸዋል። ቀጭን፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል፣ ስትናደድ ሻሿን ፈትታ እንደገና የምታስር ሴት ነበረች። ሻሿን እያየን ነበር የቀኑን አየር የምናውቀው። ሥራ የጀመረችው በታይፕ መኪና ነው። ለመሥሪያ ቤቱ የፌስቡክና የቴሌግራም ገጽ ሲከፈት ከእሷ የፈጠነ ጣት ስላልነበረ ገጹም እሷው ላይ ተጣለ። እኔ የኮሙዩኒኬሽን ባለሙያ ነበርኩ። እኔ እጽፋለሁ፣ ኃላፊው ያያል፣ እሷ ትለጥፋለች።

መጀመሪያ የሰጠኋት ጽሑፍ የከብት ክትባት ማስታወቂያ ነበር። ሁለት ገጽ ሙሉ፣ አንድም ቦታ ሳይቆረጥ የሚፈስ። ኮርቼበት ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ የተማርሁትን ቃል ሁሉ አጭቄበታለሁ። አነበበችውና መነጽሯን አወረደች።

«ጌታቸው፣ ክትባቱ መቼ ነው?»

«አለ፣ ውስጡ አለ» አልኋት።

«ውስጡ እንዳለማ አየሁት። ጤፍም ጎተራ ውስጥ አለ። እኔ የምለው፣ ላሟን በገመድ ይዛ የቆመችው ሴትዮ በምን ታገኘዋለች?»

ወረቀቱን ይዛ ወጣች። ተከተልኋት። በር ላይ ጋሽ በላይ ወንበራቸውን ጥላ ሥር አድርገው ተቀምጠዋል።

«ጋሽ በላይ፣ እስቲ ያንብቡልኝ» አለቻቸው።

ጋሽ በላይ ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። በጣታቸው እየተከተሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነው የሚያነቡት። ጦይባ እርሳስ ይዛ ከጎናቸው ትቆማለች። ትንፋሽ የሳቡበት ቦታ ሁሉ ጭረት ታደርጋለች፤ መስመሩ እዚያ ላይ ይቆረጣል። ሁለት ጊዜ ተመልሰው ያነበቡት ቃል ይወጣና ሰው የሚያውቀው ቃል ይገባል። «እምም» ብለው ከወረቀቱ ቀና ያሉበት ዓረፍተ ነገር ደግሞ ተነቅሎ አናት ላይ ይቀመጣል፤ ቁም ነገሩ እሱ ነዋ። የእኔ ሁለት ገጽ በዚህ መንገድ ስምንት መስመር ሆነ። ሦስት ቀን አኮረፍኋት። የክትባቱ ዕለት ግን ግቢያችን በከብት ተሞልቶ መግቢያ ጠፋ፤ ኩርፊያዬም በዚያው አለቀ።

ከዚያ በኋላ ምንም ነገር በጋሽ በላይ ትንፋሽ ሳያልፍ አትለጥፍም ነበር። አንድ ቀን ለምን እንዲህ እንደምትደክም ጠየቅኋት።

«በእኛ አገር ማስታወቂያ የሚነበበው በጆሮ ነው» አለችኝ። «ስልክ የያዘው አንድ ሰው ነው፣ ከበው የሚሰሙት ስምንት ናቸው። አንባቢው ትንፋሽ ካጠረው ስምንቱም ሳይሰሙ ይቀራሉ።»

ይህን ዩኒቨርሲቲ ማንም አልነገረኝም።

አነጋገሯ ሁሉ እንደዚያ ነበር፤ ቁርጥ ያለ። ረጅም መግቢያ ይዤ ስመጣ «ቀስ ተብሎ የሚነገር መርዶ ብቻ ነው፤ ሌላውን ፊት ለፊት ንገር» ትለኛለች። «የፊታችን ሐሙስ» ብዬ ስጽፍ ትሰርዘውና ቀኑን በቁጥር ትጨምርበታለች፤ ወሬው ከስልክ ስልክ ሲዞር ከርሞ ሲደርስ የቱ ሐሙስ እንደሆነ ማን ያውቃል? ደመቅ ተደርጎ እንዲጻፍ የምትፈቅደው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱም ቀኑ። እኔ ርዕሱንም፣ የመሥሪያ ቤቱንም ስም፣ «ማሳሰቢያ» የሚለውንም ማድመቅ ስፈልግ «ሰርግ ላይ ሁሉም ሙሽራ ልሁን ካለ ማን ሊያጅብ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። ፌስቡክ ከጥቂት መስመር በኋላ የሚያወጣትን «ተጨማሪ ይመልከቱ» የምትለዋን ቃል እንደ ጠላት ነበር የምታያት። «ከእሷ በታች የሚወርድ ወይ ሥራ የፈታ ነው ወይ ዘመድህ ነው» ትል ነበር።

ኃላፊያችን ይህን ሁሉ አይወድም። በአንቀጽና በአንቀጽ መካከል ባዶ መስመር ሲያይ «ይኼ ቦታ ለምን ባከነ?» ብሎ ይጠይቃል። በአበባና በባንዲራ ምልክት ያጌጠ፣ መሐሉ ጥቅጥቅ ያለ ጽሑፍ ደስ ይለዋል። ከሁሉም በላይ ደስ የሚለው ግን ማህተም ያረፈበትን ደብዳቤ በስልክ አንስቶ ፎቶውን መለጠፍ ነበር። ጦይባ ፎቶውን አጉልታ ታሳየውና «ማህተሙ ይነበባል፤ ጽሑፉ አይነበብም» ትለዋለች። እሱ ግን ያልገባው ነገር አልነበረም። ማስታወቂያ ማለት ለእሱ ከዞን የሚመጡ አለቆቹ የሚያዩት ሪፖርት ነው። ገበሬው ቢያነበው ባያነበው እንቅልፍ አይነሳውም።

ከዚያ ማሽላው እሸት ሲይዝ ግሪሳ መጣ። ግሪሳን ያላየ ሰው ወፍ ነው ብሎ ይንቀዋል። ከማማ ላይ ወንጭፍ ማስጮህ የማይመልሰው መንጋ ነው፤ የዓመት ልፋት በሁለት ጠዋት ገለባ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ወፎቹ የሚያድሩበት የወንዝ ዳር ጫካ ላይ በአውሮፕላን መድኃኒት እንዲረጭ ተወሰነ። መድኃኒቱ የሚገድለው ወፉን ብቻ አይደለም። ንብ ይገድላል፣ የተረጨ ሣር የጋጠ፣ ውሃ የጠጣ ከብት ይጎዳል። ሰው አስቀድሞ ማወቅ ነበረበት።

ማስታወቂያውን ጻፍሁ፣ ጋሽ በላይ አነበቡት፣ ጦይባ ቆራረጠችው። አናቱ ላይ የነበረው «ንብ ያላችሁ» የሚለው ነው። ኃላፊው አይቶ ወረቀቱን ወደ እኔ ወረወረው።

«ይኼ የኪዮስክ ማስታወቂያ ነው እንዴ? የመንግሥት መሥሪያ ቤት እንዲህ ነው የሚናገር? መግቢያ አስገባበት። የተሠራው ሥራ ይታይ።»

አስገባሁ። ማንም እጄን አልጠመዘዘኝም። «እንደሚታወቀው መሥሪያ ቤታችን የአርሶ አደሩን ተጠቃሚነት ለማረጋገጥ ሌት ተቀን እየሠራ የሚገኝ ሲሆን» ብዬ ጀመርኩና ወረድኩ። የርጭቱን ቀን ሰባተኛው አንቀጽ ውስጥ፣ የንቡን ነገር ከእሱም በታች አስገባሁት። ኃላፊው «እንዲህ ነው እንጂ» አለኝ፤ እኔም ደስ አለኝ። ጦይባ ሻሿን ፈትታ አሰረችና ለጠፈችው። ትእዛዝ ነዋ።

ርጭቱ ካለፈ በአራተኛው ቀን ሰይድ የሚባል የዋጃ አካባቢ ገበሬ ትልቅ ፌስታል ይዞ ገባ። ሁላችንም ለጠዋት ስብሰባ ኃላፊው ቢሮ ነበርን። ሰይድ ሰላምታ ሰጠን፣ ከዚያ ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠው። የሞተ ንብ ነበር፤ ደረቅ፣ ቀላል፣ የሚንኮሻኮሽ። እስክሪብቶውንም፣ ሞባይሉንም፣ የስብሰባ ደብተሩንም ሸፈነው።

«አሥራ ሁለት ቀፎ ነበረኝ» አለ። «ለምን አልነገራችሁኝም?»

አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለን ነበር።

«ተለጥፏል!» አለ ኃላፊው ወንበሩን ወደ ኋላ እየገፋ። «ከሳምንት በፊት ተለጥፏል።»

«እሱንማ ሰምቻለሁ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ጎረቤቴ ነው ስልክ ያለው። የእናንተ ነገር መጣ ብሎ ያነብልኝ ጀመር። ትንሽ ሄደና ‹ተወው ሰይድ፣ ራሳቸውን እያመሰገኑ ነው› ብሎ ስልኩን ኪሱ ከተተው። እኔም ወላሂ፣ ይመስገኑ ብዬ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።»

እዚህ ላይ መሳቅ የሚችል ሰው ካለ ይሳቅ። እኔ ጽሑፉ የማን እንደሆነ ስለማውቅ አልቻልኩም።

ኃላፊው ከደብተሩ ላይ ንብ እያራገፈ ወደ እኛ ዞረ። «ይኼው ነው የሕዝባችን ችግር» አለ። «የማንበብ ባህል የለውም።»

ይህችን ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። በየስብሰባው፣ በየሬዲዮው ትባላለች። የትኛው ሕዝብ ነው የማያነበው? በባጃጅ ጀርባ የተጻፈውን ሁሉ በቃሉ የሚያውቀው? የመድኃኒት ብልቃጥ አገላብጦ ቀኑ ያለፈበት መሆኑን የሚጠይቀው? ለቅሶ ቤት ቁጭ ብሎ ከአንድ ስልክ የአገሩን ወሬ አስነብቦ የሚሰማው? ሰው የሚበላውን ያውቃል። ገለባ አቅርበህ «የመብላት ባህል የለውም» ብለህ አትሰድበውም። ጎረቤትየው ደግሞ አልተሳሳተም፤ ያነበበውን በትክክል ነው የተረጎመው። ራሳችንን እያመሰገንን ነበር።

ጦይባ ወጣችና ጋሽ በላይን ይዛ ተመለሰች። ስልኳን ሰጠቻቸው።

«ጋሽ በላይ፣ ይኼን ከመጀመሪያው ያንብቡልኝ፤ ሰይድ ይስማው።»

ጋሽ በላይ ቆባቸውን አውልቀው ጀመሩ። «እንደሚታወቀው መሥሪያ ቤታችን...» እያሉ በጣታቸው ሄዱ። «ተጠቃሚነት» ላይ ቆሙ። «ከማረጋገጥ አንጻር» ላይ ቆሙ። የአመራሩ ስም ዝርዝር ላይ ሲደርሱ ላብ አጠመቃቸው። እያንዳንዱ ቃል የእኔ ነው፤ መሬት ብትውጠኝ በወደድሁ።

«ይበቃል!» አለ ኃላፊው።

«አይበቃም» አለች ጦይባ። «ንቡ ጋ ገና አልደረሱም።»

ጋሽ በላይ ቀጠሉ። ትንፋሻቸው ሲቆራረጥ አረፍ እያሉ፣ እንደገና እየጀመሩ፣ በመጨረሻ «ንብ አናቢዎች አስፈላጊውን ጥንቃቄ እንዲያደርጉ» የሚለው ጋ ደረሱ። ሰይድ አንገቱን ደፍቶ ሲሰማ ነበር። ቀና አለ።

«ለካ ነበረ» አለ።

ባዶ ፌስታሉን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ። ይቅርታ ያለው ሰው የለም። በሳምንቱ ለጦይባ ደብዳቤ ደረሳት፤ «አመራርን በባለጉዳይ ፊት በማዋረድ» ይላል። ገጹ ከእጇ ተነጥቆ ለእኔ ተሰጠ፣ እሷ መዝገብ ቤት ገባች። እዚያ ፋይል ስታገላብጥ በመስኮት አያት ነበር። እኔ ወንበሯ ላይ ተቀምጬ «እንደሚታወቀው» እያልኩ መጻፌን ቀጠልኩ። እንደ ድሮው ሰላም ትለኝ ነበር፤ እሱ ነው የባሰብኝ።

በዓመቱ ግሪሳ ተመልሶ መጣ፣ ርጭትም ተወሰነ። ኃላፊው በዚያ ዓመት የፈለገው ማህተም ያለበትን ደብዳቤ ፎቶ ነበር። ጦይባ ከመዝገብ ቤት መጥታ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመች።

«አንተ ልጅ፣ በሞቴ፣ ንቡን ወደ ላይ አውጣው።»

«ኃላፊው ፈርሞበታል፣ እትዬ» አልኋት።

«ሰይድ እኮ ዘመድ ጎረቤቱ መንጋ ንብ ሰጥቶት እንደገና ሰባት ቀፎ አቁሟል። ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

ትንሽ አየችኝ። ሻሿን እንኳ አልነካችውም። ወጥታ ጋሽ በላይ አጠገብ ተቀመጠች፤ ከመስኮቴ ይታየኛል። እሷ ስልኳ ላይ ትጽፋለች፣ እሳቸው ያነባሉ፣ ትሰርዛለች፣ ደግመው ያነባሉ። በራሷ ስም፣ ከራሷ ስልክ የለቀቀችው ይኸው ነው፤

ንብ ያላችሁ፣ ቀፎ አንሱ።

ሐሙስ ጀምበር ስትጠልቅ የግሪሳ መድኃኒት በአውሮፕላን ይረጫል።

ረቡዕ ማታ ቀፎውን ከወንዙ አርቁ። ማራቅ ያልቻለ አፉን ይድፈን፣ ይሸፍነው።

ከብት፣ ፍየል፣ ግመል ለሳምንት ወደዚያ አይሂድ።

ውሃችሁን ክደኑ። የሞተ ወፍ አትብሉ።

ለጎረቤት አንብቡ።

ከሐሙስ ቀጥሎ ቀኑን በቁጥር ጽፋዋለች፤ እኔ እዚህ ተውኩት። በአንድ ቀን ያልደረሰበት ስልክ የለም። ረቡዕ አመሻሽ ላይ ለሥራ አላማጣ ደርሼ ስመለስ ዋጃ አካባቢ መንገዱ ተዘጋግቶ ጠበቀኝ። ግመሉ ቀፎ ጭኗል፣ አህያው ቀፎ ጭኗል፣ ሰው በትከሻው ቀፎ ተሸክሟል፤ የቀፎው አፍ በጨርቅና በጭቃ ተደፍኗል። ሾፌራችን ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቀ። «ምንድነው?» ብሎ የጠየቀ አንድም ተሳፋሪ አልነበረም፤ ሁሉም አንብቦታል። የማንበብ ባህል የሌለው ሕዝብ ማለት ይኸው ነው።

ሰኞ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ተሰበሰበ። ሦስት ሰዎችና ኃላፊው ነበሩ፤ ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነበርኩ። ዕድሜ ልካቸውን «እትዬ ጦይባ፣ አንቺ» ሲሏት የነበሩት ያን ቀን «ወይዘሮ ጦይባ፣ እርስዎ» አሏት።

«ይህንን ጽሑፍ እንዲለቁ ማን ፈቀደልዎ?»

«ማንም።»

«አርማ የለውም። ቁጥር የለውም። የኃላፊው ስም የለበትም።»

«ልክ ያልሆነ ነገር አለበት?» አለች።

ከኮሚቴው አባላት አንዱ «የተጠየቁት ስለ ልክነቱ አይደለም» አላት። ይህንን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

በሩ ተንኳኳ። ሰይድ ነው። የጠራው ሰው የለም፤ ወሬውን ሰምቶ ከዋጃ መጥቷል። ጋሽ በላይ ሊያስቆሙት አልፈለጉም፤ እንዲያውም በሩን የከፈቱለት እሳቸው ናቸው።

«እታለሜን አትንኩብኝ» አለ ቆሞ። «ሰባቱም አሉ። ወላሂ ሰባቱም ቀፎ በሕይወት አሉ። ስትነግሩኝ ሰማሁ፣ አነሳሁ፣ ዳኑ። ሌላ ምን ፈለጋችሁ?» ከዚያ እስክሪብቶ መያዜን አየና ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ልጅ፣ ይኼን ጻፍልኝ።»

እስክሪብቶዬ ወረቀቱ ላይ ነበር። ኃላፊውን አየሁት። «ከአጀንዳው ውጪ ነው» አለ። ጦይባ ወደ እኔ አላየችም፤ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ሰይድን ነበር የምታየው።

«ያልተፈቀደ መረጃ በማሰራጨት ሕዝብን በማደናገር» ብለው ከሥራ አሰናበቷት። ቃለ ጉባኤው ዘጠኝ ገጽ ነው። መግቢያ አለው፣ የኃላፊው ስም አራት ቦታ ተጠቅሷል፣ ማህተምም አርፎበታል። የሰይድ ቀፎዎች መዳናቸው ግን ላዩም ላይ፣ መሐሉም ላይ፣ ታቹም ላይ የለም። የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ፊርማዬም አለበት።